በግራኝ አቋቋሜ ያመኑት አያቴ

ድብልቅ ማርሻል አርት እወዳደራለሁ፤ ግራኝ ነኝ። አሰልጣኜ እንደ ሌሎቹ ግራ እግሬን አስቀድሜ እንድቆም ሲያስገድደኝ ደጋግሜ ተሸነፍኩ። ልተወው ስል አያቴ፣ «የኔ ልጅ፣ በሚቀናሽ በኩል ቁሚ፤ ግራኝ ያልለመደች ትደናገርልሻለች» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ እንጅባራ ባለው ግቢያችን ጠዋት ጠዋት ጋቢያቸውን አጥሩ ላይ ጥለው፣ እጃቸውን እንደ ተጋጣሚ አንስተው ከፊቴ ይቆሙልኝ ነበር። ቀኝ እግሬን ማስቀደም ለመድኩ። ዳንግላ ላይ የገጠመችኝ ልጅ የግራ ቡጢዬ ከየት እንደሚመጣ ሳታውቅ ተሸነፈች። አያቴ በደስታ አለቀሱ።

ከቀበርናቸው ወዲህ ግቢው ውስጥ ብቻዬን መለማመድ አቃተኝ። ትናንት አሰልጣኜ ሊያጽናናኝ መጥቶ፣ «ውድድሩ ደርሷል፤ በርቺ እንጂ» አለኝ።

«እርሳቸው ከሌሉ በማን ፊት ልቁም?» አልኩት።

ፊቴን በነጠላዬ ሸፈንኩ።