በጠራራ ፀሐይ የበራው መንደር

ወልድያ፣ ጎህ ሲቀድ

የወልድያ መናኸሪያ ከዶሮ ቀድሞ ነው የሚነሳው። ረዳቶቹ «መርሳ፣ መርሳ፣ ደሴ» ማለት የሚጀምሩት ገና በጨለማ ስለሆነ የከተማው አውራ ዶሮዎች ሥራ ፈትተው ከርመዋል። ይሄን የምለው በማስረጃ ነው፦ ሚኒባሱ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጡት አዛውንት ጉልበታቸው ላይ አንድ አውራ ዶሮ ታቅፈዋል፤ እንጀራ ፍለጋ ከተማ ለቆ የሚሄድ ነው የሚመስለው።

«ምን ሠራተኛ ነህ?» አሉኝ፣ የታቀፍኩትን ላፕቶፕ እያዩ።

«ካርታ ነው የማሳየው አባቴ። ወረዳዎች መብራት ለማን ቀድሞ ይድረስ ብለው ሲያቅዱ የሚያግዛቸው ካርታ። ሳተላይት ማታ ከሰማይ ያነሳውን ብርሃን፣ መንገዱን፣ ጤና ኬላውን፣ ወፍጮውን አንድ ላይ ያሳያል። መረጃው ለሁሉም ክፍት ነው፣ በነጻ።»

«በነጻ?» አሉና ዶሮውን ጠበቅ አድርገው ያዙ። በነጻ የሚባል ነገር ሲሰሙ መጀመሪያ ንብረታቸውን የሚይዙ ሰው፣ ብዙ ያዩ ሰው ናቸው።

መርሳ፣ ረፋድ

መርሳ ገብቶ ማንጎ ሳይበሉ ማለፍን የሚከለክል ሕግ የለም፤ የሻጮቹ ዓይን ግን አያሳልፍም። አንዷ «ቅመሰውና ሂድ» ብላ ቆርጣ ሰጠችኝ። ቀመስኩ። የመርሳ ማንጎ ጭማቂ ከእጅ ጀምሮ እስከ ክርን፣ ከክርን እስከ ካልሲ ይወርዳል። ሸሚዜ ነጭ ነበር፤ አሁን ታሪክ ነው።

«እስቲ ቀንሽልኝ» አልኳት።

«ለአንተ ብቀንስ ቦርጭህ ይታዘበኛል» አለች። ሳልከራከር ገዛሁ።

የወረዳው የኢነርጂ ባለሙያ ፎዚያ ቢሮዋ ስትጠብቀኝ አገኘኋት። ካርታውን ያስተማርኳት እኔ ነኝ፤ አሁን ግን እኔ ስነካው እጄን በዓይኗ ትመታለች። ዛሬ ፊቷ አልፈካም። ስክሪኑን ወደ እኔ አዞረችው። በካርታው ላይ ቢጫ ነጥብ ማለት መብራት ያለው መንደር ነው፤ ጥቁር ማለት የሌለው። ጣቷን ከግራና ከተማ ወዲያ ያለች አንዲት ቢጫ ነጥብ ላይ አሳረፈች።

«ሾላ ሜዳ» አለች። «ካርታው መብራት አላት ይላል። የላትም።»

«ሳተላይቱ እኮ ያየውን ነው የሚናገረው» ብዬ እንደ ሥጋ ዘመዴ ጠበቃ ቆምኩለት።

«እንግዲያው ሄደን እርስዎም ይዩ፣ ጋሼ። የሶላር ጣቢያ ለየትኞቹ መንደሮች ይሁን የሚለውን እቅድ ነገ ለዞን እልካለሁ። ቢጫ ሆና ካደረች ሾላ ሜዳ ከእቅዱ ትወጣለች። ወፍጮ የለም፤ ሴቶቹም እህሉን እየተሸከሙ ግራና መመላለሳቸው ነው።» ትናንት ለመንደሩ ሽማግሌ ለሐጂ ሰይድ ደውላ «ነገ ከእንግዳ ጋር እመጣለሁ» ብላቸዋለች። ለምን እንደምትመጣ ግን አልነገረቻቸውም፤ ከዕቅዱ ልትወጡ ነው ብላ ሰው ማስደንገጥ አልፈለገችም።

ከግራና ወዲያ፣ ቀትር

የቢሮው ፒካፕ ሾፌር አያ መኮንን ጉድጓድ አይዘልም፤ ሰላም እያለ ነው የሚያልፈው። ጉበቴና ሳንባዬ ቦታ ተለዋወጡ። ዓይኔን ከመስኮቱ አላነሳሁም፤ የመብራት ምሰሶው ግራና ላይ አብሮን ነበር፣ ከከተማዋ ስንወጣ ተሰናበተን። ከዚያ በኋላ በመንገዱ ዳር ቀጥ ብሎ የቆመ ነገር ቢኖር ቁልቋል ነው። ለሳተላይቱ የነበረኝ ዝምድና መላላት ጀመረ።

ኩርባውን ስንዞር አያ መኮንን ፍሬን ያዘ።

ሾላ ሜዳ በጠራራ ፀሐይ በርታለች። በትልቁ ሾላ ዛፍ ላይ፣ በየጎጆው ደጃፍ፣ በበረቱ አጥር ሳይቀር ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ አምፖል ተንጠልጥሏል። አንድ ጄነሬተር እንደ ተቆጣ በሬ ያጓራል። ከላይ ፀሐይዋ አናት ትሰነጥቃለች፤ አምፖሎቹ ይፎካከሯታል።

ሐጂ ሰይድ ነጭ በነጭ ለብሰው መጡ። «አሰላሙ አለይኩም፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። ከሩቅ የመጣን እንግዳ መብራት በሌለው ደጅ አልተቀበልንም፣ ምስጋና ለአላህ።»

ፎዚያ እጇን አናቷ ላይ ጣለች። «ሐጂ፣ ይሄ ከየት መጣ?»

«ከግራና ነዋ። የሠርጉ ጄነሬተር ነው። ጥር በገባ ቁጥር እንከራየዋለን። የእስላሙም የክርስቲያኑም ሠርግ ያኔ ነው፤ ካንዱ ዳስ ወዳንዱ ዳስ ሲዞር ወሩን እዚሁ ያድራል። ዛሬ ለናንተ ክብር አስመጣነው።»

ከፎዚያ ጋር ተያየን። ላፕቶፑን ከፍቼ ምስሉ የተነሳበትን ወር አየሁ። ጥር። ሳተላይቱ አልዋሸም፤ ባልተጠራበት ሠርግ ላይ ሲያፈጥ ከርሞ ነው።

ፎዚያ የመጣችበትን አሁን ገልጣ ነገረቻቸው። ካርታው ሊታረም ይችላል፤ ክፍት በመሆኑ ወረዳው ያየውን ከነፎቶው ያስገባል። ግን ከፎቶው ጋር «የሚበራ አምፖል ይታያል ወይ?» ብሎ ይጠይቃል፤ እሷ ደግሞ ውሸት አትጽፍም። ስለዚህ መብራቱ ይጥፋላት።

ሐጂ ሰይድ ፊታቸው ተለወጠ። «እንግዳ ተቀምጦ መብራት ማጥፋት? ሂዱልኝ ማለት እኮ ነው። ይሄንስ አላደርገውም፣ ልጄ።»

«ያጥፉት፣ ሐጂ» አሉ ጎረቤታቸው እትዬ ዘውዴ፣ ከጎጆአቸው ደጅ የማሽላ ጆንያ ላይ ተቀምጠው። «ጀርባዬን ከግራና ወፍጮ ይጠይቁት።»

«ጀርባሽን አውቀዋለሁ፣ ዘውዴ። ሰውስ ምን ይለኛል?»

«ሰው እህል ተሸክሞ ግራና ነው ያለው። ማን ያይዎታል?»

ሐጂ ጺማቸውን ይዘው አሰቡ። በመጨረሻ «እንግዳ እያለ አይጠፋም» አሉ። «እንግዳ ከሄደ በኋላ ግን ማንም አይከለክለን። መጀመሪያ ብሉ።»

በማሽላ እንጀራ ላይ እርጎ ፈሰሰበት። የበላሁትን ብናገር ወረዳው የምግብ ዋስትና ጥናት ያዝብኛል። ከዚያ ተመረቅን፣ ተሸኘን፣ እጅ ተነሳስተን መኪና ውስጥ ገባን። ሐጂ እስከ መንደሩ ጫፍ ሸኙን፤ ፎዚያ የምር ተሰናበተች፣ እኔም የምር ተሰናበትኩ። አያ መኮንን ከኩርባው ወዲያ ወስዶ አቆመ።

«አሁን ምን እንጠብቃለን?» አለ።

«ክብራችን እስኪያልቅ» አልኩት።

የጄነሬተሩ ድምፅ ቀጥ አለ። ዞረን ገባን። ሐጂ ሰይድ ጭራሽ አይተውን እንደማያውቁ መንገድ ላይ ቆመው «ምን ረስታችሁ ነው?» አሉ።

«ቤት ናፍቆን ነው» አለች ፎዚያ።

«ታዲያ ግቡ። ተመልሶ የመጣ ቤተኛ ነው። ቤተኛ ደግሞ እንዴት እንደምንኖር ያውቃል፣ አይታፈርበትም።»

አምፖሎቹ ተጠቅልለው ቅርጫት ገብተዋል። ፎዚያ ሾላውን፣ ምሰሶ የማያውቀውን ሜዳ፣ ጄነሬተሩንም ሳትደብቅ አነሳች። እትዬ ዘውዴ በጨለማ ጎጆአቸው በር ላይ ከነጆንያቸው ቆሙ። «ሳትስቂ አንሺኝ» አሉና ራሳቸው ሳቁ።

ወልድያ፣ ፀሐይ ስትጠልቅ

ፎዚያ ከመርሳ ቢሮዋ ፎቶዎቹን አስገብታ ከሥሩ «በጥር የታየው ብርሃን የሠርግ ጄነሬተር ነው፤ በጉብኝቱ ቀንም ለእንግዳ ክብር በርቶ ነበር» ብላ ጻፈች። እቅዱም ሾላ ሜዳን ይዞ ነገ ለዞን ሊላክ ተዘጋጀ። እኔ ወልድያ አልጋዬ ላይ ጋደም ብዬ ካርታውን ከፈትኩ። ቢጫዋ ነጥብ ጠቁራለች። መንደር ሲጨልም አይቼ እንዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ስልኬ ጮኸ። ሐጂ ሰይድ ናቸው፤ ኔትወርክ ፍለጋ ጉብታው ላይ ወጥተው ነፋሱ ድምፃቸውን ይቆራርጠዋል።

«እህ፣ ልጄ፣ ጨለምን ወይ?»

«አብሽሩ ሐጂ፣ ድቅድቅ ብላችሁ ጨልማችኋል።»

«አልሐምዱሊላህ» አሉ። ከኋላቸው የእትዬ ዘውዴ እልልታ ተከተለ።