ማንም የለም፣ ሥራሽን ቀጥዪ

እኔ ትዕግስት የሚባል ነገር አልፈጠረብኝም። ለመፎከር አይደለም የምለው። ሳሪስ የታክሲ ሰልፍ ላይ ከሚጋፋ ሰው ጋር ሳልጣላ ገላን ኮንዶሚኒየም የገባሁበት ቀን ትዝ አይለኝም። እናቴ «አንቺ ልጅ እሳት ልሰሽ ነው እንዴ የተወለድሽው?» ትለኛለች። ታዲያ እንደ እኔ ያለች ሰው፣ ከጨዋታ ሁሉ መርጣ፣ መደበቅ ብቻ የሚፈቀድበትን ጨዋታ መያዟ ለራሴም ይገርመኛል።

የኮምፒውተር ጨዋታ ነው። ከሥራ ወጥቼ ቤት በዋልኩበት ክረምት አንዲት የድሮ ባልደረባዬ በፍላሽ ገልብጣ ሰጠችኝ። አንዲት ሴት ትልቅ አሮጌ ቤት ውስጥ ተዘግቶባታል፤ ቤቱ የቫምፓየሮች ነው። ቀን እንደ ሬሳ ተጋድመው ውለው ሲመሽ ተነስተው የሰው ደም የሚመጥጡ ናቸው። ሴትየዋ ዱላ እንኳ የላትም። አልጋ ስር መግባት፣ ቁም ሳጥን ውስጥ መቆም፣ ትንፋሿን መዋጥ፣ እነሱ ሲያልፉ ወደሚቀጥለው ክፍል ሹልክ ማለት ብቻ ነው የምትችለው። ሰባት ቁልፍ ከሰበሰበች የውጪው በር ይከፈትላታል። ከሁሉ የሚከፋው፣ ጨዋታው ጆሮ አለው። በኮምፒውተሩ ማይክ እኛ ሳሎን ውስጥ ያለውን ድምፅ ይሰማል። እዚህ ሰው ቢያስነጥስ እዚያ ቫምፓየሩ አንገቱን ያዞራል። እኔማ በየሦስት ደቂቃው ነበር የምሞተው። አንዱ ሲያባርረኝ «ኤጭ! አንተ የማትረባ!» ብዬ ስጮህ ሌላው ሰምቶ ይመጣል።

አባዬ አጠገቤ መቀመጥ የጀመረው ያን ክረምት ነው። ጡረታ ከወጣ ሦስተኛ ዓመቱ ነበር። ዕድሜውን የጨረሰው አቃቂ ውስጥ አንድ ጨርቃጨርቅ ፋብሪካ፣ ፈትል ክፍል ነው። ከጓደኞቹ ጋር ዳማ የሚጫወትበትን የብሎኩን ጥግ ዝናብ ስለወሰደበት ቤት ዋለ። አንድ ከሰዓት በኋላ ወንበሩን ስቦ መጣና ስሞት ጥቂት አየ።

«ምንድን ነው የሚያሳድድሽ?»

«ደም መጣጭ ነው፣ አባዬ።»

«ታዲያ ምን ያስሮጥሻል? ቁሚና እየው እንጂ።»

እየተበሳጨሁ ቆምኩ። ቫምፓየሩ ከኮሪደሩ ጫፍ ይነሳል፣ መስኮቱ ጋ ይዘገያል፣ ደረጃውን ትንሽ ወርዶ ይመለሳል። አባዬ ሁለት ዙር አየውና ሳቁ አመለጠው። «ይሄማ የእኛ ካቦ ነው!» አለ። ካቦ የሚሉት የፈረቃቸውን አለቃ ነው። «እዚህ ጋ ሲዞር ጀርባውን ይሰጣል፤ ያኔ እለፊ።» አለፍኩ። አባዬ በወጣትነቱ ከጥጥ ክምር ጀርባ እንቅልፉን ለጥጦ ሳይያዝ የወጣ ሰው ነው። የካቦን ዙር ያውቃል።

ማይኩ ስለሚሰማን መነጋገር አልቻልንም። ያኔ ነው የፋብሪካውን የእጅ ቋንቋ ያስተማረኝ። ፈትል ክፍል ውስጥ ከማሽኑ ጩኸት የተነሳ ጆሮ ላይ ቢጮኹ እንኳ አይሰማም፤ ሠራተኛው በእጁ ነው የሚያወራው። የጆሮን ጫፍ መጎተት «ካቦ እየመጣ ነው» ማለት ነው። ሁለት ጣት ገጥሞ ማላቀቅ «ክር ተበጠሰ»። የታችኛውን የዓይን ቆብ በጣት ወደ ታች መሳብ ደግሞ «አይቼዋለሁ፤ አንቺስ?» ነው። ይህኛው መልስ ይፈልጋል። ያየ ሰው የራሱን ዓይን ይስባል። ምንም ከሌለ መዳፉን ደረቱ ላይ አንድ ጊዜ ይጠርጋል፤ «ማንም የለም፣ ሥራሽን ቀጥዪ» ማለት ነው።

«በአፍ የፈለግነውን እንቀጥፍ ነበር» አለኝ። «በእጅ ግን አንዋሽም። ሰውየው ማሽን ውስጥ እጁን የሚከተው አንቺን አምኖ ነው።»

በሦስት ሳምንት አራት ቁልፍ ሰበሰብን። ብቻዬን አንድም አግኝቼ አላውቅም ነበር።

ከክረምቱ መግቢያ ጀምሮ የያዘው ሳል ግን አልለቅ አለው። ነሐሴ መግቢያ ላይ እህቴ ሐኪም ቤት ወሰደችው። ፎቶ ተነሳ፣ ሌላም ምርመራ አደረጉለት። ውጤቱ የመጣ ቀን ዶክተሩ አባዬን ኮሪደር ላይ አስቀምጦ የተናገረው ለእሷ ነው። እህቴ አባዬን ወደ ቤት አስገብታ እኔንና እናቴን ደረጃው ላይ ጠራችን። «ሳንባው ላይ ነው» አለች። «ያ በሽታ ነው። ተሰራጭቷል። ወራት ናቸው የቀሩት።» ስሙን አልጠራችውም። እኛም አልጠየቅናት፤ ያ በሽታ ከተባለ ያው ያ በሽታ ነው።

እናቴ አላለቀሰችም። «አይነገረውም» አለች። «ለበሽተኛ አይነገርም! ተስፋ የቆረጠ ሰው ቶሎ ነው የሚሄደው። ለጎረቤትም ቢሆን ብርድ ነው በሉ፤ ወሬው ዞሮ ይደርሰዋል። ማሉልኝ።» እህቴ በልማዷ «አባቴ ይ...» ብላ ጀምራ ቃሉን ዋጠችው። ልጆች ሆነን እርሳስ ጠፋ ሲባል እንኳ የምንምለው በአባታችን ሞት ነበር፤ ሌላ መሐላ አፋችን አያውቅም። በኋላ በማርያም ማልን። ገብተን ለአባዬ «ብርድ ነው የመታህ፣ ክረምቱ ሲወጣ ይለቅሃል» አልነው። «እንዲያ ነው?» አለና ቁልፋችንን ልንፈልግ ተቀመጥን።

ለእኔ ግን ነገሩ ሌላ እሳት ነበረበት። አባዬ አንድ ታላቅ ወንድም አለው። ቱሉ ዲምቱ ነው የሚኖሩት፣ አንድ ታክሲ ነው። ዓይንና ናጫ ከሆኑ አሥራ አንድ ዓመታቸው ነበር። አያቴ፣ እናታቸው፣ የሞቱ ቀን አባዬ ፈረቃ ላይ ነበር፤ መልእክቱ ዘግይቶ ደርሶት መቃብሩ ከተደፈነ በኋላ እየሮጠ መጣ። አጎቴ በሐዘንተኛው ሁሉ ፊት «የአንተ እናት ማሽኑ ናት፤ ሂድና እሷን ቅበር!» አሉት። በቃ። ሽማግሌ ቢላክም አልሆነም።

አባዬ ግን ወንድሙን አልጠላም። «እታረቀዋለሁ» ይል ነበር ሁልጊዜ። «ሰው ጎትቶኝ ሳይሆን በራሴ እግር ሄጄ። ጊዜ አለኝ።»

ጊዜ እንደሌለው የማውቅ እኔ ነኝ! አንድ ቀን አላስችለኝ አለና «አባዬ፣ ለምን አሁን አትሄድም?» አልኩት።

«ልዳንና» አለኝ። «እንዲህ እያሳልኩ ብሄድ ሊሞት ሲል መጣ ይለኛል። በጤናዬ ነው የምሄደው።»

ወደ እናቴ ሄድኩ፤ እንንገረው ብዬ ለመንኳት። «በማርያም ምለሻል» አለችኝ። እሺ፣ አጎቴ ይምጡ አልኳት። «አሥራ አንድ ዓመት ያልረገጠው ሰው በድንገት በሩ ላይ ቢቆም አባትሽ ምን ሊያስብ ነው? ሞቴ ደረሰ አይልም?» አለችኝ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል፤ እኛ ቤት በሽታው የተደበቀው ከባለቤቱ ነው። በንዴት ሳህን ሰብሬ ወጣሁ፤ ሌላ ምን አደረግኩ? ምንም።

ከዚያ በሳምንቱ ስድስተኛው ቁልፍ ጋ ደረስን። ሴትየዋን ቁም ሳጥን ውስጥ አቁሜ፣ ቫምፓየሩ በሳጥኑ ቀዳዳ ፊት እያለፈ፣ አባዬ ሳሉን አፍኖ ዓይኑ እንባ ሞልቶ፣ በሩ ተንኳኳ። ቫምፓየሩ አንገቱን አዞረ። ደሜ ፈላ። ብድግ ብዬ በሩን ብከፍት ዝናብ ያረጠባቸው አንድ ሽማግሌ ቆመዋል፤ ከዚህ በፊት አይቻቸው አላውቅም። የዕድር ሰው መሰሉኝ።

«አባትሽ ታመዋል ሲባል ሰምተን ነው። እንዴት ናቸው?»

«ደህና ነው፤ ብርድ ነው የመታው። ክረምቱ ሲወጣ ይድናል» አልኳቸው። ግቡ እንኳ አላልኳቸውም። «እግዜር ይማራቸው» ብለው ደረጃውን ወረዱ። ተመልሼ ስቀመጥ ተይዘን ነበር።

ሳሉን ሲያፍን ማየት አንጀቴን በላው። ፊቱ ይጠቁራል፣ ጉልበቱን ጨምቆ ይይዛል፤ እኔ እንዳልያዝ ብሎ እኮ ነው። አንድ ቀን መታጠቢያ ቤት ሲገባ ማይኩን አጠፋሁት። ተመልሶ ተቀመጠ፤ ብዙም ሳይቆይ ሳሉ አመለጠው፤ ረጅም ሳል። ቫምፓየሩ ዝም ብሎ አለፈ።

አባዬ ወደ እኔ ዞረ። «ዛሬ አልሰማኝም?»

«ማይኩ ተበላሽቷል።»

«እውነት?»

«አባቴ ይሙት!»

ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው የሰማሁት። ምላሴን ብቆርጠው በወደድኩ። እሱ ቀስ ብሎ ሳቀ። «ይሙት አልሽ? እሺ» አለ። ከዚያም «አብሪው፣ ልጄ። ደንቆሮ ካቦ ምን ያደርግልኛል? መምጣቱን ልወቅ እንጂ» አለኝ። አበራሁት። የሚለው ገብቶኛል። አልገባኝም ብዬ አልዋሽም። ግን አፌን አልከፈትኩም፤ ሆድ ይፍጀው አልኩ፣ ፈጀውም።

መስቀል አለፈ። ክረምቱ ወጣ፣ አደይ አበባው ረገፈ፣ አባዬ አልዳነም። ጥቅምት አጋማሽ ላይ ትንፋሽ አጥሮት ሆስፒታል ገባ። ኦክስጅን አፍና አፍንጫው ላይ አድርገውለት መናገር አቃተው። በሦስተኛው ቀን፣ በከሰዓቱ የጥየቃ ሰዓት፣ እህቴ መድኃኒት ልትገዛ ወጥታ እኔ በራስጌው ተቀምጬ ነበር። እናቴ በግርጌው በኩል ጋቢውን ታጥፋለች። አባዬ ዓይኑን ገልጦ ወደ እኔ አየ። ቀኝ እጁን፣ መርፌ የተሰካበትን፣ በስንት መከራ አነሳ። ጣቱን ታችኛው የዓይን ቆቡ ላይ አደረገና ሳበው።

አይቼዋለሁ፤ አንቺስ?

እጁን አላወረደም። መልስ እየጠበቀ ነበር። እኔ እናቴን አየኋት፤ ምልክቱን አታውቀውም፣ ጋቢውን ታጥፋለች። ዓይኔን ብስበው በቃ ነበር። ያን ያህል ነው። ቃል አይወጣኝም፣ መሐላም አላፈርስም ነበር። ዓይኔን ብስበው ወንድሜን ጥሩልኝ ይለኝ ነበር፤ ይህን እንደ ስሜ አውቀዋለሁ።

ፈራሁ። እሳት የላስኩት፣ ታክሲ ሰልፍ ላይ ሰው የማስለቅሰው ልጅ ፈራሁ። መዳፌን አንስቼ ደረቴን አንድ ጊዜ ጠረግሁ።

እጄን እየተከተለ አየው። ከዚያ የራሱን እጅ ቀስ ብሎ አልጋው ላይ አስቀመጠ። ደግሞ አልጠየቀኝም። በማግስቱ ጠዋት ሞተ።

ጨዋታው እስካሁን ኮምፒውተሩ ውስጥ አለ፤ ስድስት ቁልፍ ላይ እንደቆመ። ልከፍተው ሞክሬ ወንበሩን አየሁና ተውኩት።

አጎቴ የቀብሩ ቀን መጡ። «ወንድሜን! ወንድሜን!» እያሉ ድንኳኑን አነቃነቁት። በሦስተኛው ቀን ሰው ሳሳ ሲል አጠገቤ መጥተው ተቀመጡ። ጭብጣቸው ውስጥ የያዙትን መሐረብ ፈትተው መልሰው ጨበጡት።

«መታመሙን ሰምቼ ነበር፣ ልጄ» አሉኝ። «ነሐሴ ላይ። ሐኪም ቤት አየነው ብለው ነገሩኝ። ጓደኛዬን ልኬ አስጠየቅሁት። በሩን የከፈተችለት ልጅ ብርድ ነው፣ ክረምቱ ሲወጣ ይድናል አለችው።»

ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ። «እኔ ነኝ» አልኳቸው። «እኔ ነኝ የከፈትኩት።» ስድብ ጠብቄ ነበር፤ ምናለ በሰደቡኝ። እሳቸው ግን ራሳቸውን ብቻ ነቀነቁ።

«እኔም እኮ አብሬው መጥቼ ነበር» አሉ። «ታች ደረጃው ስር ቆሜ እየጠበቅሁት። ብሶበታል ካለኝ ልወጣ፤ ደህና ነው ካለኝ፣ እንግዲህ ጊዜ አለ ብዬ ልመለስ። ብርድ ነው አለኝ፤ ተመለስኩ።»