አምስት ኪሎ ያለው መጠባበቂያ

ኢክላስ ጠዋት ቢሮ ስትገባ ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ ለራሷ ኢሜይል ትልካለች። “ደህና አደርሽ?” ብላ ትጽፍና መልእክቱ ዞሮ እስኪደርሳት ቆማ ትጠብቃለች። ሳይደርሳት ማኪያቶ አታዝም።

ቸርችል ጎዳና ያለው መሥሪያ ቤቷ የሰው ዕቃ ከወደብ ያስለቅቃል፤ ሥራው ሁሉ በኢሜይል ነው፤ የኢሜይሉ ኃላፊ ደግሞ እሷ ናት። አሮጌውን ሕንፃ ስላላመነችው፣ ዋናው ሰርቨር ቢወድቅ መልእክት የሚቀበል መጠባበቂያ አምስት ኪሎ፣ ከአጎቷ ከጋሽ ዘይኑዲን ሱቅ ጓዳ አስቀምጣለች። እሳት አስባለች፣ ጎርፍ አስባለች፣ መብራት ቢጠፋ ብላ ለጥቂት ሰዓት የሚያቆይ ባትሪ ገዝታለች።

በአረፋ ማግሥት ቢሮውን ስትከፍት፣ ለበዓሉ እንደተዘጋ የጣሪያው ቧንቧ ፈንድቶ ዋናው ሰርቨር ውሃ ጠጥቶ አገኘችው። አልደነገጠችም። በስልኳ የጠዋት ሰላምታዋን ላከች። አልተመለሰም፤ መጠባበቂያውም አልሠራም ማለት ነው።

ሥራ አስኪያጁ አቶ መርሻ በር ላይ ቆመው ስለ ጅቡቲው መልእክት ጠየቋት። የአንድ ሆስፒታል መድኃኒት የሚለቀቅበት ማረጋገጫ ነው። ጅቡቲዎቹ በበዓሉ ጠዋት ልከው ቢሯቸውን ለሳምንት ዘግተዋል፤ ድጋሚ የሚልከው የለም።

አጎቷ ጋ ደወለች። ለበዓሉ አገር ቤት ገብተዋል።

“እኔማ እንደ ወትሮው ቆጣሪውን አጥፍቼ ነው የወጣሁት” አሏት። “ሱቅ ዘግቶ አገር የሚገባ ሰው መብራት ትቶ ይሄዳል እንዴ? ያ ሳጥንሽስ ቢሆን በዓል አይወጣለትም?”

ኢክላስ ፊቷ ጋለ። አባቷም በየአረፋው እንዲሁ ሲያደርግ እያየች ነው ያደገችው። ሁሉን አስባ አረፋን ረስታለች።

ቁልፉ ጎረቤታቸው እንቁ ዘንድ ነበር። ኢክላስ በታክሲ ደርሳ ቆጣሪውን መለሰችና ከስኳር ጆንያዎቹ መሃል ቆመች። መልእክት ተቀባይ ሲያጣ የላኪው ሰርቨር ይዞት ደጋግሞ እንደሚሞክር ታውቃለች፤ አንዳንዱ ግን በአንድ ቀን ተስፋ ይቆርጣል።

መጀመሪያ የደረሰው “ደህና አደርሽ?” ነበር። ከዚያ የበዓል መልካም ምኞቶች፣ ከዚያ የአንድ ደንበኛ ቅሬታ መጡ። ከቀትር ሶላት በፊት የጅቡቲው ገባ።

ለአቶ መርሻ ስትደውል ከየት እንደተገኘ ጠየቋት።

“በር ላይ ቆሞ ነበር” አለች። “የሚከፍትለት አጥቶ ነው።”

ጆንያው ላይ ተቀመጠች። እንቁ ሻይ አመጣችላት፤ ስኳሩ በዝቶ ነበር፣ ሁሉንም ጠጣችው።

አጎቷ ሲመለሱ ለሰርቨሩ ለብቻው የመብራት መስመር ይዘረጋል። የሚመጣው አረፋ ላይ የሱቁ ቁልፍ ኢክላስ ዘንድ ይሰነብታል።