የሌለን በሬ

ባለፈው ሳምንት ሬዲዮው፣ ጎርፍ ለጎዳቸው የፎገራ ገበሬዎች መንግሥት ሊከፍል ነው አለ። የልጅ ልጄ ደስ ብሎት «ሰማሽ፣ እማማ?» ሲለኝ፣ «እስቲ ከፍለው ያሳዩን!» አልኩት። ምን ላድርግ፣ ከአባቴ የወረስኩት ነገር ነው።

ያኔ ኮረዳ ነበርኩ። ወረታ ዙሪያ ሩዝ የሚባል ገና አይታወቅም፤ የርብ ወንዝ ውሃ ክረምቱን ሜዳው ላይ ተኝቶ ይከርምና፣ መስከረም ላይ ሲሸሽ በርጥቡ ጭቃ ጓያና ሽምብራ እንዘራለን። ጭቃው ከደረቀ ግን አለቀ፣ ዓመቱን ሙሉ የሰው እጅ ማየት ነው። በዚያ ክረምት ውሃው ሳይታሰብ መጣና ከሁለቱ በሬዎቻችን አንዱን ይዞት ሄደ። ግንባረ ነጩ ቦቃ ብቻውን ተረፈ። በአንድ በሬ ደግሞ አይታረስም።

ውሃው ጎደል ሲል አንድ የመንግሥት ሹም በመኪና መጣና ቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ሥር ሰበሰበን። «በጎርፍ ከብት የሞተበት ይናገር፣ መንግሥት ይከፍላል» አለ። ሜዳው በጥንብ እየሸተተ፣ ከብት ሞተብኝ ያለ አንድ ሰው ጠፋ። ከሹሙ ጎን የቆመው ግብር የሚሰበስብብን ጭቃ ሹም ነዋ! አምና ከእሱ ከብቱን ያልደበቀ ማን አለ? እኛም «ያለን አንድ በሬ ብቻ ነው» ብለነው ነበር።

እናቴን አላስቻላትም። «ጌታዬ፣ የእኛን በሬ ውሃ ወስዶታል» አለች።

ጭቃ ሹሙ ዐይኑን አጥብቦ፣ «ያለን አንድ በሬ ነው ስትሉ አልነበር?» አላት።

«አንዱ ነዋ የሄደው! አሁን ምን አለን?»

ጻፉላት። አባቴ ቤት እስክንገባ ጠብቆ ጮኸባት። «መንግሥት በነፃ ሰጥቶ ያውቃል? ይኸ ወጥመድ ነው! ነገ መጥቶ ቦቃን ቢያገኘውሳ?»

በማግሥቱ ጎህ ሲቀድ፣ እኔና እሱ ቆሏችንን እየቆረጠምን፣ ቦቃን በሐሙሲት አድርገን አንበሳሜ ታላቅ ወንድሙ ዘንድ ነዳነው። የመንገዱ ዳር አደይ ፈክቷል፤ አባቴ ግን የመኪና ድምፅ በሰማ ቁጥር በሬውን ወደ ቁጥቋጦ ይገፋዋል። አጎቴ «እንኳን በሬህን፣ አንተንም ቢሆን እደብቅሃለሁ» ብሎ ሳቀ። አባቴም ሳቀ። ያን ሰሞን ሲስቅ ያየሁት ያኔ ብቻ ነው።

ገንዘቡ ሳይሸራረፍ መጣ። አባቴ ብሩን ወደ ፀሐይ አንሥቶ፣ አገላብጦ አየውና ከወረታ ገበያ በሬ ገዛበት። ከብት ሊቆጥር የመጣ አንድም ሰው የለም። ጭቃው ሊደርቅ ሲል ቦቃን ልናመጣ ሄድን።

«የምን በሬ?» አለ አጎቴ፣ ከተቀመጠበት ሳይነሣ። «የነበረህን አንድ በሬ ጎርፍ ወስዶት መንግሥት ከፍሎህ የለም እንዴ? ሁለተኛ ካለህ ሂድና ለጭቃ ሹሙ ንገረው።»

አባቴ ባዶ እጁን ወደ መንገዱ ዞረ። ቢከስስ፣ ዋሽተህ የመንግሥት ገንዘብ በላህ ተብሎ የሚታሰረው እሱ ነው። ቦቃ ድምፃችንን ሰምቶ ከበረቱ ይጮሃል። አባቴ በሬ የሚያቀናጀው ሰው ሲፈልግ ጭቃው ደረቀ፤ ያን ዓመት እህል እየለመንን ከረምን።

ከስንት ዘመን በኋላ አባቴ ሲሞት፣ አጎቴ ደረቱን እየደቃ፣ «ወንድሜን! ወንድሜን!» እያለ ለቅሶው መሀል ገባ። እናቴ ከሴቶቹ መሀል ብድግ አለች።

«የምን ወንድም?» አለችው። «እርስዎ እኮ ወንድም የለዎትም።»

አጎቴ ነጠላውን ሰብስቦ ወጣ።

ለልጅ ልጄ ግን ያን ጊዜ መንግሥት ቃሉን እንደጠበቀ አልነገርኩትም። አባቴ ሩቁን ሲጠረጥር ኖሮ የጎዳው የቅርቡ ነው። እኔ ይኸን አይቼ ሩቁንም ቅርቡንም እጠረጥራለሁ። እውነቱን ልናገር፣ እንዲህ ሆኖ መኖር ይደክማል።