ጎርናናው ክላክስ

አይቆርጤ የሚለውን ስም ያወጣለት ጎረቤቱ ጎሚስታው ነው። ስሙም ልክክ አለበት። ሰውየው የመኪና ኤሌክትሪሺያን ሆኖ ሳለ፣ ከአዲስ መኪና ላይ አንዲት ሽቦ እንኳ ቆርጦ አያውቅም። ሌላው ባለሙያ መቁረጫ ይዞ የሚገባበትን እሱ በሶኬት ይጨርሰዋል፤ ሌላው በመሰርሰሪያ የሚበሳውን እሱ ፋብሪካው በተወው ቡሎን ያስረዋል። አዲስ ፒክአፕ የገዛ ሰው ተጨማሪ መብራት ይላል፣ የኋላ ካሜራ ይላል፣ ምን የማይፈልገው አለ? ግን ዋስትናው ሳያልቅ መኪናው አንድ ነገር ቢሆን፣ ሻጩ ድርጅት መጀመሪያ የሚፈልገው የተቆረጠ ሽቦ ነው። ካገኘ አለቀ፤ የነካካው ይጠግነው ይላል። ስለዚህ ሰዉ ወደ አይቆርጤ ይመጣል። እሱም ሥራውን ሲያስረክብ የማይዘላት አንዲት ንግግር አለችው፤ "የገጠምኩት ሁሉ ነገ ይነቀላል። ሲነቀልም እንዳልነበረ ነው።"

ኑሮውም እንዲሁ ነበር። ለዓመታት በተከራያት ክፍል ግድግዳ ላይ አንድ ሚስማር አልመታም። የቀን መቁጠሪያው መደርደሪያ ተደግፎ ይቆማል፣ ኮቱ የወንበር ጀርባ ላይ ይውላል። ሚስት አላገባም። ጎሚስታው "ይኼ ሰው ያላገባው ዋስትናው እንዳይበላሽበት ነው" እያለ ሲያስቅበት አብሮ ይስቃል። ሥራ ያስተማሩት ሽማግሌ "የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም" እያሉ ነው ያሳደጉት፤ እሱ ምክሩን ከሽቦ አሳልፎ ለሰውም አደረገው። እኔን ከጠየቃችሁኝ አብዝቶታል።

አንድ ረፋድ ላይ አዲስ ነጭ ፒክአፕ ጋራዡ በር ላይ ቆመ። ጥቁር የለበሰች ሴት ወረደች። ያውቃታል፤ የዱሮ ደንበኛው ሚስት ናት። ባሏ በአሮጌ ፒክአፕ የሱቆችን ዕቃ የሚያመላልስ ሳቂታ ሰው ነበር፤ በክረምቱ መግቢያ ልቡ በድንገት ቀጥ ብሎ ሞተ። አሮጌዋ መኪና ለብረት ገዢ ተሸጣለች፤ ሥራውን አሁን የያዘችው እሷ ናት። ከወንበሩ ሥር በፎጣ የተጠቀለለ ነገር አወጣችና ጠረጴዛው ላይ ገለጠችው። ክላክስ ነበር።

አይቆርጤ ወዲያው አወቀው። ይኼን ክላክስ ዱሮ ድንጋይ መትቶት ድምፁ ጎርንኖ ቀርቷል፤ ጉንፋን የያዘው ሰው የሚጣራ ይመስላል። ልቀይርልህ ቢለው፣ ሟቹ "ተወው፣ እናቴ የምታውቀኝ በሱ ነው" ብሎት እየሳቀ ሄዷል።

የሴትየዋም ጉዳይ የእናቲቱ ነው። አሮጊቷ ዓይናቸው ደክሟል፣ አእምሯቸውም እየከዳቸው ነው። የልጃቸው ሞት ተነግሯቸው አልቅሰዋል፤ ሲያድር ጠፋባቸው። ደግመው ሲነግሯቸው እንደ አዲስ ወደቁ። ምራታቸው ከእንግዲህ አልነግራቸውም ብላ ማለች። አሁን ሲመሽ ወንበራቸውን ከግቢው በር አጠገብ አውጥተው ይቀመጣሉ፤ ልጄ ሳይገባ እራት የለም ነው። የአዲሷን መኪና ክላክስ ቢሰሙ ፊታቸውን እንኳ አያዞሩም። ብርድ ገብቶባቸው ሳል ጀምሯቸዋል፤ ሐኪሙም ውጭ ማምሸቱን ካልተዉ አይከርሙም ብሏታል።

"ጋሼ፣ ይኼን ድምፅ ግጠምልኝ" አለችው። "እሱን ከሰሙ ይገባሉ። ዋስትናዋ ግን እንዳይነካብኝ፤ እንጀራችን እሷ ብቻ ናት።"

አንጀቱን በላችው። የመኪናዋን ክላክስ ከሶኬቱ ነቀለ። ለሶኬቱ ልክ የሚሆን አጭር መሸጋገሪያ ገመድ ሠራ፤ አሮጌው ክላክስ ብዙ ኃይል ስለሚስብ የራሱን ፊውዝ አበጅቶ ከባትሪው አገናኘው፤ ነባር ቡሎን ላይ አሰረው። የፋብሪካውን ክላክስ በላስቲክ ጠቅልሎ ከወንበሩ ሥር አስቀመጠና፣ መኪናዋ ሰርቪስ ከመግባቷ በፊት ሁልጊዜ እሱ ጋ አምጥታ እንደ ጥንቷ እንድታስደርጋት ነገራት። ከዚያ መሪው መሀል ጫን አደረገ።

ጎሚስታው የያዘውን ጎማ ጥሎ ከሱቁ ወጣ። መንገዱን ወዲያና ወዲህ ተመለከተ፤ ፊቱ አመድ መስሏል። ሰውየው ሞቷል አላላችሁም? ብሎ ጠየቀ። አይቆርጤ እጁን ከመሪው አነሳ፤ ድምፁ ግን ከጆሮው አልወጣለትም። ከዚያ ቀን ወዲህ መንገድ ሲሄድ ክላክስ በሰማ ቁጥር ዞር ማለት ጀመረ፤ ሟቹ ከኋላው ሆኖ "ተወው" የሚለው ይመስለዋል። የሞተ ሰው ድምፅ መግጠም ነውር ነው ጽድቅ እያለ ራሱን ይጠይቃል።

ለአሮጊቷ ግን ሠራላቸው። ድምፁን ሲሰሙ ልጄ መጣ ብለው ወንበራቸውን አንስተው ይገባሉ። የታል ሲሉ፣ ደክሞት ተኛ ይሏቸዋል፤ ይተኛ ብለው ይበላሉ። ሳሉም ለቀቃቸው።

የሰርቪሱ ጊዜ ደረሰ። አይቆርጤ ጠዋት ክላክሱን ነቅሎ መኪናዋን እንደ ጥንቷ አደረጋት። ድርጅቱ ግን ሥራ በዝቶብናል ብሎ መኪናዋን አሳደራት። ሲመሽ ሴትየዋ ደወለች። ዝናብ ጀምሯል፤ አሮጊቷ ከወንበራቸው አልነሳም ብለው በሩን ይዘዋል፤ ቢጎትቷቸው ይጮኻሉ።

"እውነቱን ልንገራቸው?" አለች።

"ቆይ፣ አትንገሪያቸው" አላት።

ክላክሱ ጠረጴዛው ላይ ነበር። ኮቱ ውስጥ ሸጎጠው፤ የሞተር ሳይክል ባትሪ በሌላ እጁ አንጠልጥሎ ወጣ። አሮጊቷ ግቢ በር ላይ ሲደርስ ከውጭ ባትሪውን መሬት ላይ አኖረና፣ ክላክሱን እንደታቀፈ ሽቦውን አገናኘ። ጎርናናው ድምፅ ደረቱን አርገፈገፈው። ከገዛ ሰውነቱ የሌላ ሰው ድምፅ የወጣ መሰለውና ክው አለ። ባትሪውን አንስቶ ሊሮጥ ነበር ሐሳቡ፤ እንዳልመጣ ሊሆን። በሩ ግን ተከፈተ።

አሮጊቷ በዝናብ ርሰው ቆመው አዩት። መኪና የለም፤ ኮቱን ደረቱ ላይ ያቀፈ አንድ ሰው ብቻ።

"መኪናህስ?"

"ሰርቪስ ገብታለች፣ እማዬ።" እማዬ የሚለው ቃል ከአፉ ከወጣ ዘመናት አልፈዋል። የገዛ እናቱ ሲሞቱ እሱ ሩቅ ሥራ ላይ ነበር።

"በዚህ ዝናብ በእግርህ መጣህ?" እጁን ያዙ፤ በልጃቸው ስም እየጠሩ ጎተቱት።

ምራታቸው ከቤቱ በር ላይ ቆማ እጇን በአፏ ጫነች። አሮጊቷ ኮቱን አስወልቀው ከበሩ ጀርባ ሊሰቅሉት ሄዱ፤ ግድግዳው ላይ የወለቀ ሚስማር ቀዳዳ ብቻ አለ። መሳቢያ ከፍተው መዶሻና ሚስማር ይዘው ተመለሱ። "ይኼን ምታልኝ ስልህ፣ ነገ ነገ እያልክ ከረምክ" አሉት።

አይቆርጤ ሴትየዋን ተመለከታት። አንገቷን ደፋች፤ ተወው አላለችውም። ዛሬ ይኼን ከመታ ነገ አልመጣም ማለት እንደሌለ ገብቶታል። መኪናዋ ትመለሳለች፣ ክላክሱም ይገጠማል፤ እሳቸው ግን ከእንግዲህ ድምፁን ሰምተው አይገቡም፣ ሰውየውን ነው የሚጠብቁት። ፈራ። የሞተ ሰው ቦታ ላይ መቆም ያስፈራል።

ሚስማሩን በጣቶቹ ይዞ መታው። መጀመሪያ ሲመታው ኖራው ረገፈ። እስኪጠብቅ ድረስ ደጋግሞ መታውና ኮቱን ሰቀለበት።

"ነገ ደግሞ እንዳታመሽ" አሉት ከኋላው።

"አላመሽም፣ እማዬ።"