እስከ አምስተኛው አንቀጽ

ያኔ ቢቸና ላይ የስፌት መኪና በየወሩ ክፍያ እሸጥ ነበር። ዕቃው የኔ አይደለም፤ ባለቤቱ ሞጣ ያሉ ነጋዴ ናቸው፣ እኔ ኮሚሽኔን እቆርጣለሁ። ውሉም የሳቸው ነው፣ ባለ ዘጠኝ አንቀጽ። ፊደል ላልቆጠረ ገዥ የማነበው እኔ ነኝ። ገበያ ቀን፣ ሰው በር ላይ እየተጋፋ፣ ዘጠኙን እስክጨርስ የሚታገስ መነኩሴ ብቻ ነው። እኔ አምስተኛው ላይ ስደርስ «የቀረው የተለመደው ነው» እላለሁ።

አንዲት ባሏ የሞተባት ሴት እንደዚያው አነበብኩላትና በጣቷ ፈረመች። የተማሪ ዩኒፎርም ልትሰፋበት ነው። በየወሩ እየከፈለች ቆይታ፣ ጥር ላይ ጤፏን ሸጣ ተጨማሪ የአራት ወር አመጣች።

«ይኼ የክረምቱ ነው። ክረምት እጄ ባዶ ነው።»

«ደግ አደረግሽ» አልኳት። ባላገር ሁሉ እንዲያ ነው፤ ጎተራው ሲሞላ የክረምቱን ይዘጋል።

ስድስተኛው አንቀጽ ግን ቀድሞ የተከፈለ ለመጨረሻዎቹ ወራት ይያዛል ይላል። ሰባተኛው፣ ሁለት ወር ያልከፈለ መኪናውን ይመልሳል፣ የከፈለው አይመለስለትም። የሰኔና የሐምሌ አልገባምና ሐምሌ ሲያልቅ ከሞጣ ተደወለ፤ መኪናውን ላክ።

ነሐሴ መባቻ ቤቷ ስሄድ የተቆረጠ ጨርቅ አልጋው ላይ ተከምሯል። ትምህርት ሊከፈት አንድ ወር ቀርቶታል።

«ከፍዬ የለም እንዴ ወንድሜ?»

«ከፍለሻል። ለከርሞ ነው የተያዘልሽ።»

«ከርሞን ማን አየው? አንብበህልኝ አልነበር?»

«አንብቤልሻለሁ። እስከ አምስት።»

 መኪናውን አውቶቡስ ላይ አስጭኜ ሞጣ ወረድኩ።

«ያገራችን ሰው ሲኖረው ነው የሚከፍል፤ እርስዎም ያውቁታል» አልኳቸው ነጋዴውን።

«አውቀዋለሁ» አሉ፣ ጥርሳቸውን በስንጥር እየጎረጎሩ። «ለዚያ አይደል የጻፍኩት።»

እኔ ልክፈልላት ስላቸው የሁለቱን ወር ከነቅጣቱ ከኮሚሽኔ ቆረጡ። መኪናውን በማግስቱ መልሼ አመጣሁት። የጫኝ ሁለት ጊዜ ከፈልኩ። አላመሰገነችኝም፤ ጨርቋን አንስታ መስፋት ጀመረች።

ጥር ሲመጣ የከፈልኩላትን ሳታጎድል ይዛ መጣች። ጎረቤቷን መሪጌታም አስከትላለች። ደረሰኙን ጽፌ ስጨርስ፣

«ላንብብልሽ?» አልኳት።

«ተው፣ ይደክምሃል» ብላ ወረቀቱን ለመሪጌታው ሰጠች። እሳቸው ከራስጌ እስከ ግርጌ አነበቡላት፣ ማኅተሙ ላይ ያለው ጽሑፍ እንኳ ሳይቀር። በሩ ላይ ሰው ይጋፋ ነበር። ሁላችንም ቆመን ጠበቅን።