ሰማያዊዋ ነጥብ

ይህ ሰው ሐሰትን የሚጸየፍ፣ ለታመመ የሚራራ፣ በሥራውም የሚታመን ነው፤ ነገር ግን እፍረትን ከሐሰት አብልጦ ይፈራ ነበርና በዚያው ተፈተነ።

የአምቡላንስ ሾፌር ነው። ከተማዋን ከነጓሮዋ ስለሚያውቃት ባልደረቦቹ «አባ መንገዱ» ይሉታል። አዲስ ሾፌር መንገድ ሲጠፋበት የሚደውለው ለእርሱ ነበር፤ እርሱም ዓይኑን ጨፍኖ፣ «ከወፍጮ ቤቱ ታጠፍ፣ የዛገውን በር አልፈህ ውረድ» እያለ ይመራው ነበር።

ኋላ መሥሪያ ቤቱ ለየመኪናው ካርታ ያለው ስልክ አደለ፤ የሾፌሮቹን አጠቃቀም የምትመዝን ፈታኝም መጣች። ያልገባቸው ሾፌሮች ለትምህርት ሲመዘገቡ፣ «አባ መንገዱማ ካርታውን ራሱን ያስተምረዋል» ተብሎ ተሳቀ። ካርታው እንዳልገባው እንዳይናገር ይህ ምስጋና አፉን ለጎመው።

ተራው ሲደርስ ፈታኟ አጠገቡ ተቀምጣ የአንድ ክሊኒክ ስም ነገረችው። ክሊኒኩን ከልጅነቱ ጀምሮ ያውቀዋል። ስልኩን ከፊቱ ሰክቶ፣ እንደሚያነብ ሰው አልፎ አልፎ በዓይኑ ገረፍ እያደረገው፣ በለመደው መንገድ ነድቶ አደረሳት።

«ጋሼ፣ እርስዎማ ጨርሰውታል» አለችው።

አንገቱን ደፋ፤ እርሷ ግን ትሕትና መሰላት።

ብዙም ሳይቆይ በከተማዋ ጫፍ፣ ገና ስም ካልወጣለት ሰፈር፣ ምጥ የያዛት ሴት አምቡላንስ ጠራች። ወደ ስልኩ የተላከው በካርታው ላይ ያለ የቤቱ ምልክት ብቻ ነበር። አብራው የተሳፈረችው አዋላጅ ከኋላ ዕቃዋን ስታሰናዳ፣ እርሱ ስልኩን ተመለከተ። ቀይ ምልክት ቆሟል፤ ሰማያዊ ነጥብም አለች። ሰማያዊዋን «ወላዷ ናት» ብሎ ተከተላት። ወደ ግራ ቢታጠፍ ነጥቧም ታጠፈች፤ ቢፈጥን ፈጠነች።

«ይህች ሴት በእግሯ ወጥታለች መሰል፤ አንድ ቦታ አልረጋ አለች።»

«ማን ናት እርሷ?» አለች አዋላጇ።

«ወላዷ ናታ። ይኸው፣ ልደርስባት ስል ትሸሻለች።»

አዋላጇ ተንጠራርታ ስልኩን አየች። «ጋሼ፣ ሰማያዊዋ እኮ እኛ ነን። ራሳችንን ነው የምናባርረው። ቤቱ ቀዩ ነው፤ ትተነው መጥተናል።»

ሲደርሱ ሕፃኗ በአያቷ እጅ ላይ ተወልዳ ነበር። እግዚአብሔር ጠብቆ እናትና ልጅ በሕይወት ተገኙ፤ እናቲቱ ግን ብዙ ደም ፈስሷት ከንፈሯ ነጥቷል። ቃሬዛውን ሲያነሣ አያቲቱ፣ «ምነው ልጄ፣ መንገዱ ጠፋባችሁ?» አሉት። ያለ ቁጣ መጠየቃቸው ይበልጥ አቃጠለው። አዋላጇ «ሰፈሩ አዲስ ሆኖብን ነው እናቴ» ብላ ሸፈነችለት። እርሱም ዝም አለ፤ ያ ዝምታ ከስሕተቱ ከበደው።

በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት የለውም። በማግስቱ ሾፌሮቹ ሁሉ በተሰበሰቡበት ወደ ፈታኟ ቀረበ።

«ልጄ፣ ያለፍኩትን ፈተና ሰርዢልኝ። የዚያን ቀን የነዳሁት በካርታው አልነበረም።»

«አባ መንገዱ ቀልዱን ጀመረ» አለ አንዱ።

«ቀልድ አይደለም። ራሴን ሳባርር ሴት ልትሞትብኝ ነበር።»

ፈታኟም ቀስ ብላ፣ «ጥፋቱ የእኔም ነው ጋሼ፤ መድረስዎን እንጂ ማንበብዎን አልመዘንኩም» አለች። ከዚያ ወዲያ ሾፌሮቹን የምትፈትነው በማያውቁት ሰፈር ሆነ።

እርሱም ከጀማሪዎቹ ጋር አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጠ። የመጀመሪያው ጥያቄ፣ «እናንተ የት ናችሁ?» የሚል ነበር። ጣቱን በሰማያዊዋ ነጥብ ላይ አሳረፈ። ዛሬ ካርታውን ደኅና አድርጎ ያነባል፤ «አባ መንገዱ» ሲሉት ግን አሁንም ፊቱን ያዞራል።

እውነትን በአደባባይ ያናገረው አምላክ መውጣቱንና መግባቱን ይባርክለት፤ ቤቱንና ልጆቹን ይጠብቅለት። አሜን።